በአላምረው ስም

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ኅዳር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአያ አላምረው፣ መካነ ብርሃን

እንደምን ሰነበትህ? አበቡና ባለቤቷ፣ የሱፍ ሥራ ማኅበሩ ሰዎች፣ ከብቱም አዝመራውም ደህና ነው? እኔ፣ ባለቤቴ አብዱልባሲጥና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

በአይሱዙው ሹፌር በወልደኢየሱስ አፍ የላክኸው ቃል ደርሶኛል። «ፈህሚያ ባናችንን ተረክባ ምነው ዝም አለች?» ብለሃል አለኝ። ደግሞ እንዲነግረኝ ለመንሁት፤ ያው ነው። አያ አላምረው፣ እኔ ዝም አላልሁም። የአርባውን የሱፍ ባና ዋጋ ጥቅምት ሳይወጣ ከፍያለሁ። ያስገባሁትም አንተ ራስህ በኢሜል በላክህልኝ በአዲሱ የሒሳብ ቁጥር ነው። የማኅበሩ ሒሳብ በአባላት ክርክር ታግዷል፣ ለጊዜው ስማቸው በሚባል ሰው ስም ይግባ አልህ፤ እንዳልኸው አደረግሁ። የባንኩ ደረሰኝ በእጄ አለ።

ይህ ስማቸው ማን ነው? ገንዘቡን ተቀብሎ አልሰጣችሁም ማለት ነው? ወይስ ሰጥቷችሁ ነው?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ልሰርዛት ነበር፤ ተውኋት። አብዱልባሲጥ ነገሩን ከሰማ ወዲህ «ሁለቴ ሊያስከፍሉሽ ነው» ይለኛል። እኔ እንዲያ አላልሁም። ግን አፉን ዝጋ ብዬም አልመለስሁለት።

ስልክህን ብሞክር የእናንተ አገር የስልክ ማማ ከተበላሸ ወዲህ መልስ የለም። በኢሜል እንዳልጠይቅህ፣ በዚያ በኩል የሚመልስልኝ ማን እንደሆነ መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ስለዚህ በራስህ እጅ ጻፍልኝ። አባቴ አብዱልጀሊል በሕይወት ሳለ ለእሱ ትልከው ከነበረው ደብዳቤ እጅህን አውቀዋለሁ።

ፈህሚያ አብዱልጀሊል

―

መካነ ብርሃን
ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈህሚያ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ልቤ ግን ደህና አይደለም።

በጠየቅሽኝ ልጀምር። በማኅበራችን ስማቸው የሚባል ሰው የለም። በአገሩ የማውቀው አንድ ስማቸው ዓይነ ስውር መሪጌታ ነው፤ ባንክ በር ደርሶ አያውቅም። ሒሳባችንም አልታገደም። «በአባላት ክርክር» ተብሎ እንደሆነ፣ ክርክር አልነበረንም። አሁን ግን ሊኖረን ነው።

«አንተ የላክኸው ኢሜል» ትያለሽ። እኔ መስከረም ላይ የባናውን ዋጋ ካስጻፍሁ ወዲህ አንድ ቃል አላስጻፍሁም። እንደምታውቂው እኔ እናገራለሁ፤ ደባርቅ ወርዶ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የሚጽፈው የልጄ የአበቡ ባል ዳኛው ነው። ከመስከረም ወዲህ ምንም አላዘዝሁትም።

እሁድ ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ይርገዱን ታስታውሻታለሽ፣ ሱፍ ከሁሉ አቅጥና የምትፈትለዋን። ተነሥታ «ባናችን ጎንደር ሆቴል አልጋ ላይ ተነጥፏል፤ እኛ ምን ለብሰናል?» አለች። «የአብዱልጀሊል ልጅ የሰው ላብ አትበላም» አልኋት። «እንግዲያ ማን በላ?» አለችኝ። ዝናሽ ደግሞ ነጠላዋን አንሥታ ወጥታ ሄደች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን በሰው በሬ ነው የምታሳርሰው፤ በዚህ ገንዘብ የራሷን በሬ ልትገዛ ነበር።

ደርሶኛል የምትይውን ጽሑፍ በወረቀት አስወጥተሽ ላኪልኝ፤ በዓይኔ ልየው። ይህንን ፖስታ በሙጫ አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ እንደሆነ ጫፉን ተመልከቺ። ወልደኢየሱስን ክፉ ሰው ነው አላልሁም፤ ዘንድሮ ግን ማንን እንደማምን አላውቅም።

አላምረው

―

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ኅዳር 27 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአያ አላምረው

ፖስታው አልተከፈተም። እኔም ጫፉን በመብራት አየሁት፤ ሰውን እንዲህ ማየት ጀምረናል።

የፈለግኸው ይኸው። ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ እንዳይጎድልህ ቃሉን እዚህ ገልብጨዋለሁ፦

«ለክብርት ወይዘሮ ፈህሚያ አብዱልጀሊል፣ እንደምን ከርመዋል? የላክንልዎትን አርባ ብርድ ልብስ መረከብዎን ተረድተናል። የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ በአባላት ክርክር ምክንያት ለጊዜው ስለታገደ ክፍያውን ከዚህ በታች በተገለጸው አዲስ የሒሳብ ቁጥር እንዲያስገቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። እስከ ነገ ካልገባ ውላችን ይፈርሳል። ስብሰባ ላይ ስለምሆን በስልክ አያገኙኝም፤ በዚሁ ኢሜል ይመልሱልኝ። አላምረው፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ»

ባንክ ሄጄ ነበር። ገንዘቡ በገባበት ቀን ሌላ ከተማ ላይ ወጥቷል። ሒሳቡ የተከፈተበት መታወቂያ ከባለቤቱ የጠፋ ነው ይላሉ። ለፖሊስም አመልክቻለሁ። መርማሪው የሰጠኝን መልስ አሁን አልጽፈውም፤ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

«ስትከፍይ ምን አስቸኮለሽ?» ብለህ ባትጠይቀኝም ራሴን እጠይቃለሁ። ውላችን ይፈርሳል ሲል ደነገጥሁ። የአባቴ ደንበኞች በእኔ ጊዜ ሊሄዱ ነው ብዬ ሮጥሁ። አንድ ቀን ብታገሥ ኖሮ ሰው እልክብህ ነበር።

አሁን ግን አንድ ነገር ንገረኝ። ይህ ያንተ አንደበት ነው?

ፈህሚያ

―

መካነ ብርሃን
ታኅሣሥ 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈህሚያ

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ወረቀቱን ሳነበው መጀመሪያ ሳቅሁ። ቆይቶ ሳቄ ደረቀ።

የኔ አንደበት አይደለም። አንቺን ገና በእናትሽ ጀርባ ሳለሽ ነው የማውቅሽ፤ መቼ «እርስዎ» ብዬሽ አውቃለሁ? ደግሞ «ብርድ ልብስ» ይላል። በዚህ ደጋ ባናን ብርድ ልብስ የሚል ሰው አለ? ብርድ ልብስ ከሱቅ የሚገዛው ነው። «እስከ ነገ» የሚለውስ? በግ ሸልተን፣ ሱፍ አጥበን፣ ፈትለን፣ ሸምነን ክረምት ከበጋ የምንጠብቅ ሰዎች አንዲት ሌሊት አያስቸኩለንም።

ይህ ሁሉ ሐሰት ነው። ሌላው ግን እውነት ነው፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ባናው በትክክል አርባ ነበር። ስምሽን ከነአባትሽ ያውቃል። መረከብሽን ያውቃል። የውጭ ሌባ ሰው ቤት ሲገባ በዳበሳ ነው፤ ለዚህ ግን መብራት ያበራለት አለ።

እህቴ፣ አንድ ሰው ጠርጥሬያለሁ። ስሙን በወረቀት ላይ አላኖረውም። ደባርቅ መውረድ ያበዛ ሰው ነው። ከእኔ ጋር ገበታ ሲቀርብ ዓይኑን ከትሪው አያነሣም። ጥቅምት ላይ አዲስ ስልክ ገዛ። «ከየት አመጣኸው?» ብለው «ቆጥቤ» አለኝ። ይርገዱም አይታዋለች፤ ሰዉም አይቷል።

ምን እንደማደርግ አትጠይቂኝ። ሳደርገው ትሰሚዋለሽ።

አላምረው

―

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአያ አላምረው

ስሙን ባትጽፈውም ገብቶኛል። አልዋሽህም፣ እኔም እሱን አስቤዋለሁ። ኢሜሉ በእጁ ነው፣ ባናውን ቆጥሮ ያስጫነው እሱ ነው። ግን ታገሥ። በእኔ ገንዘብ ሰበብ ሰው አትክሰስ።

እንድትታገሥ የምለው በምክንያት ነው። ትናንት በስምህ ሌላ ኢሜል መጣልኝ። አሁን ደግሞ «ግብር ተጣለብን፣ ዛሬውኑ ይላኩ» ይላል፤ የሒሳብ ቁጥሩም ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ አልሮጥሁም። ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ የማኅበሩን የቆየ ኢሜል ከፈትሁና ሁለቱን አድራሻ ጎን ለጎን አድርጌ ፊደል በፊደል አየሁ። አንድ አይደሉም! በእናንተ አድራሻ ላይ ‹ኤል› የሚባለው የፈረንጅ ፊደል ባለበት ቦታ፣ በሌባው አድራሻ ላይ የ1 ቁጥር ተተክቷል። በዓይን ሲያዩት ያው ቀጥ ያለ መስመር ነው። ያን ጊዜ እኔ ያየሁት ከላይ «አላምረው» የሚለውን ስም ብቻ ነበር። ስም ደግሞ ማንም የፈለገውን ይጽፋል።

ስለዚህ ኢሜሉ የወጣው ከእናንተ ሳጥን አይደለም። ይህ ያን ሰው ንጹሕ ያደርገዋል አልልም፤ ወሬውን አቀብሎ ሌላ ሰው አስጽፎ ይሆናል። ቁርጡን የማውቅበት አንድ ዘዴ አስቤያለሁ። እስኪሳካ አልነግርህም።

ከእኔ ቃል እስኪደርስህ ምንም አትናገር። በአባቴ ስም እለምንሃለሁ።

ፈህሚያ

―

መካነ ብርሃን
ታኅሣሥ 22 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለፈህሚያ

ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። አይሱዙው ቧሂት አቀበት ላይ ተሰብሮ ሰንብቷል። ደብዳቤሽ ሲደርስ ነገሩ አልፎ ነበር።

ስለ ዳኛው ላነሣሽው፣ ዳኛው እዚህ የለም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳይበተን ጠራሁት። «ዳኛው፣ የእነዚህን ሴቶች ላብ የት አደረስኸው?» አልሁት። «አባቴ፣ ምን እያልህ ነው?» አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። ፊቴን ዓይቶ፣ ዞሮ ሰዉንም ዓይቶ ዝም አለ። እኔ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርሁት። ከመንጋው ውስጥ አንዱ «ሌባ!» አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉት። ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ በበሩ ወጣ።

የዚያኑ ዕለት አበቡን ከቤቷ አምጥቻታለሁ። የሌባ ሚስት ሆና አትቀርም ብዬ ነው። አላለቀሰችም። ሱፍ ይዛ ጥግ ተቀምጣ ትፈትላለች። ስጠራት አቤት ብላ ወደ መፍተሏ ትመለሳለች።

እሱን ቆላ ወርዶ ዛሪማ ገበያ ላይ ያየው ሰው አለ።

ዘዴሽን ባታደርጊው ይሻላል። አንቺ የምታገኚው ነገር አሁን ለእኔ ይጠቅመኝ አይመስለኝም።

አላምረው

―

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥር 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለአያ አላምረው

እንኳን ለልደት በዓል በሰላም አደረሰህ ልል ነበር፤ በዚያ ቤት ምን በዓል እንደዋለ ሳስበው ብዕሬ ከበደኝ። ይህንን ደብዳቤ መጀመሪያ ብቻህን አንብበው።

ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ዘዴዬን አድርጌው ነበር። ለሌባው መልስ ጻፍሁለት። የተቀበልሁት መስዬ፣ አንተን እንደምጠራህ «አያ አላምረው» ብዬ ጀመርሁና፣ «ገንዘቡን ነገ አስገባለሁ። ለመሆኑ አበቡ በሰላም ተገላገለች ወይ? ምን ወለደች?» አልሁት።

ከኢንተርኔት ቤቱ ሳልወጣ መልሱ መጣ። ቃል በቃል ይኸው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። ክርስትናውን እየደገስን ስለሆነ ገንዘቡን ዛሬውኑ ቢልኩልን።»

አያ አላምረው፣ አበቡና ዳኛው ልጅ ፈልገው የት የት ጸበል እንደወረዱ አንተ ነህ የነገርኸኝ። ዳኛው በራሱ ቤት ላይ ይህን ሊጽፍ ይችላል? የዳኛው ወዳጅስ፣ የአገሩ ሰውስ ቢሆን ይህን ሊል ይችላል? ይህ ሰው አበቡን አያውቃትም። መካነ ብርሃንንም በዓይኑ አላያት። የሚያውቀው ኢሜላችን ውስጥ የተጻፈውን ብቻ ነው፤ አርባውን ባና መረከቤንም እኔው እዚያ ጽፌ ነበር።

የሌለ ልጅ አንሥቼ የአበቡን ስም ለሌባ በመስጠቴ ይቅር በለኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም፤ እሷ የምትሰማው ከሆነም ከአንተ አፍ ትስማው።

መርማሪው ግን ተቆጣኝ። «ለእንዲህ ያለ ሰው መልስ አይሰጥም። ከመለስሽ ደግሞ ይመላለስብሻል» አለኝ። ሁለተኛውን የሒሳብ ቁጥር ለባንኩ አሳውቀን ታግዷል። የጠፋውን ገንዘብ ግን ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ ብሎኛል። ያኔ ያልጻፍሁልህ መልስ ይኸው ነበር።

ሌላም ነገረኝ። ሌቦቹ መጀመሪያ የኢሜሉ ድርጅት መስለው «ሳጥንህ ሞልቷል፣ ሊዘጋ ነው፣ ፓስወርድህን አስገባ» የሚል መልእክት ይልካሉ። ሰውየው ሲያስገባ ቁልፉን ወሰዱ ማለት ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል ያነባሉ። ዳኛውን ፈልገህ ይህ ደርሶበት እንደሆነ ጠይቀው። ጠይቀው ነው ያልሁት፤ አትንገረው። ፓስወርዱንም ዛሬ ነገ ሳይባል ይቀይረው።

ከጠፋው ግማሹን እኔ እችለዋለሁ፤ ያለ ጥያቄ የከፈልሁት እኔ ነኝና። አብዱልባሲጥ ሁለት ቀን አኩርፎ ተስማምቷል። የዝናሽ ድርሻ ሙሉው አሁን በወልደኢየሱስ እጅ ነው። ከእንግዲህ ወዲያ የሒሳብ ቁጥር ተለወጠ የሚል ቃል ከማንም ቢመጣ፣ በቀድሞው ስልክ ደውዬ ድምፅህን ሳልሰማ፣ ስልክ ከሌለም ሰው ልኬ ሳላረጋግጥ አንድ ሳንቲም አላስገባም። ስታስቸኩለኝ ደግሞ የበለጠ እዘገያለሁ። አትቀየመኝ።

ፈህሚያ

―

መካነ ብርሃን
የካቲት 6 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፈህሚያ

እንደምን ሰነበትሽ? ምነው ጠፋህ ብለሽ በወልደኢየሱስ ልከሽብኛል። አልጠፋሁም። የምጽፈውን እስካገኝ ነው የዘገየሁ። የላክሽው ደርሷል። ዝናሽ ከደባርቅ ገበያ በሬዋን ነድታ ገብታለች፤ ትመርቅሻለች።

ደብዳቤሽን ባነበብሁ ማግስት ለዛሪማ ተነሣሁ። ሊማሊሞን ስወርድ ስለ ሙቀቱ ሳይሆን ስለምናገረው ነገር ነበር የሚያልበኝ። ገበያ ውስጥ አገኘሁት። የሰሊጥ ጆንያ ተሸክሞ ማኪና ላይ ይጭናል። አየኝና ጆንያውን አስቀመጠ፤ ላቡን ሳይጠርግ ቆመ።

«ልጠይቅህ መጣሁ» አልሁት።

«አሁን?» አለኝ።

«አሁን።» ከዚያ ያልሽኝን ጠየቅሁት። «አዎን፣ ነሐሴ ላይ ነው። ደባርቅ ሆኜ ሳጥኑ ሞልቷል፣ ይዘጋል የሚል መጣ። የማኅበሩ ሥራ እንዳይቆም ብዬ ፓስወርዱን አስገባሁ። ምን ነበረበት?» አለኝ። ያ መልእክት ከዚህ ስርቆት ጋር ይገናኛል ብሎ አስቦ አያውቅም። ስነግረው ጆንያው ላይ ተቀመጠና «እንግዲያ በሩን የከፈትሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ሳታውቅ ነው» አልሁት። «እኔ ግን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።»

ስለ አዲሱ ስልክም ነገረኝ። አበቡን አዲስ አበባ ለሐኪም ሊያሳያት ኖሮ፣ እየደወለ ቀጠሮ የሚይዝበት ነው። ደባርቅ መመላለሱም፣ ከእኔ ዓይኑን መሸሹም ለዚሁ ነበር። ሳይሳካ እንዳይወራባቸው ሁለቱ ተማምለው ነበር። እኔ በዚያ ትሪ ላይ ስርቆት አነበብሁ።

እንመለስ ብለው «በስውር አልመለስም» አለኝ። «ሌባ ያልኸኝ በሰው ፊት ነው፤ አይደለም የምትለውም በሰው ፊት ይሁን። ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚያው ቦታ።»

እሺ አልሁ። ባለፈው እሁድ ቆምሁ። «ዳኛው አልሰረቀም። ሌባው የማናውቀው ሰው ነው፤ በኔ ስም ጻፈ። እኔም ሳላጣራ በዳኛው ስም ላይ ፈረድሁ» አልሁ። «ሌባ» ያሉት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። መጀመሪያ ይርገዱ መጣችና የዳኛውን ጉልበት ልትይዝ ጎንበስ አለች፤ ክንዷን ይዞ አነሣት። ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ነገሩ አለቀ አልሁ በሆዴ።

አበቡን ወደ ቤቷ ልሸኛት ዕቃዋን ያዝሁላት። ደጃፉ ላይ አቆመችኝ።

«አባቴ፣ ለእሱ በሰው ፊት ተናገርህለት፤ ሸጋ ነው» አለች። «እኔን ግን ከቤቴ ስታወጣኝ አንዲት ቃል አልጠየቅኸኝም። ስለ ስልኩ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ባሌ ነው፤ ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርሁ።»

ዕቃዋን ከእጄ ወስዳ ባሏን ተከትላ ወረደች። መንገዱ እስኪሰውራት ቆሜ አየኋት፤ ዞራ አላየችኝም።

ለእሱ የምለውን አንቺ ነገርሽኝ፤ እሱም የት እንደምቆም አሳየኝ። ለእሷ የምለው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠፍቶብኛል። ወደ ቤታቸው የሚወስደውን መንገድ ጀምሬ ተመልሻለሁ። አንቺም ሴት ልጅ ነሽ፤ ለሴት ልጆችም እናት ነሽ። አባትሽ እንዲህ ቢያደርግሽ ምን ቢልሽ ትሰሚው ነበር?

መልስሽን እስካገኝ ደጃፌን ዘግቼ አልቀመጥም፤ ነገ ደግሜ እሞክራለሁ።

አላምረው